«ኔትወርክ የለም»፦ የሚቆራረጥ የቢሮ ኔትወርክን በሰዓት መዝገብ መመርመር፣ ከግሸን አካባቢ ሁኔታ አንጻር

አጠቃሎ

አንዴ እየሠራ አንዴ የሚቋረጥ ኔትወርክ ጨርሶ ሥራ ካቆመ ኔትወርክ ይልቅ ለጥገና ያስቸግራል። ባለሙያው ሲመጣ ችግሩ አይታይም፤ ባለሙያው ሲሄድ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የሚቆራረጥ ግንኙነት ምርመራ ዕቃ በመለወጥ ሳይሆን መቼና እስከ የት ድረስ እንደተቋረጠ በመመዝገብ መጀመር ይኖርበታል። ጽሑፉ በመጀመሪያ አጭር ጉብኝት ብልሽቱን ለምን እንደሚያመልጠው በቀላል የይሆናል ስሌት ያሳያል። ቀጥሎ አራት የመለኪያ ነጥቦችን፣ የኢትዮጵያን ሰዓት ከመሣሪያዎች ሰዓት ጋር የማስማማት ዘዴንና የመቆራረጥ ቅርጾችን ያብራራል። በመጨረሻም ዘዴው በደቡብ ወሎ፣ በአምባሰል ወረዳ፣ በግሸን አካባቢ የመስከረም ሳምንት እንዴት ሊሠራ እንደሚችል በምሳሌ ይመለከታል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሚቆራረጥ ግንኙነት፣ የቢሮ ኔትወርክ፣ የሰዓት መዝገብ፣ ግሸን፣ አምባሰል

1. መግቢያ

በወረዳና በቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች፣ በባንክ ቅርንጫፎችና በጤና ጣቢያዎች አገልግሎት ፈላጊው ደጋግሞ ከሚሰማቸው መልሶች አንዱ «ኔትወርክ የለም» ወይም «ሲስተም የለም» የሚለው ነው። መልሱ ለሚሰጠው ሠራተኛ የአንድ ደቂቃ ጉዳይ ነው። ከገደላማ አገር ወርዶ፣ የመጓጓዣ ከፍሎ፣ የእርሻ ቀኑን ትቶ ለመጣ ባለጉዳይ ግን የአንድ ሙሉ ቀን ኪሳራ ነው። ከዚህም የሚከፋው ነገ ቢመለስ ግንኙነቱ እንደሚኖር የሚነግረው አለመኖሩ ነው።

«ኔትወርክ የለም» የሚለው ሐረግ በውስጡ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ሁኔታዎችን ይሸፍናል። አንዱ ኮምፒዩተር አድራሻውን አጥቶ ሊሆን ይችላል፤ የቢሮው ስዊች በመብራት መዋዠቅ ጠፍቶ እየተነሣ ሊሆን ይችላል፤ ኬብሉ በጠረጴዛ እግር ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል፤ ከቢሮው ውጭ ያለው መስመር ተቋርጦ ሊሆን ይችላል፤ ወይም መስመሩ ደህና ሆኖ ሩቅ ያለው ሰርቨር ቆሞ ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ቢሮው ራሱ ሊፈታቸው ይችላል። አራተኛው የአገልግሎት ሰጪው፣ አምስተኛው የሥርዓቱ ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ሥራ ነው። ሁሉም በአንድ ስም ሲጠሩ ግን የማንም ሳይሆኑ ይቀራሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንደሚባለው፣ በትክክል ያልተሰየመ ብልሽትም ጠጋኝ አያገኝም።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ የመጨረሻ ዓመታት የተዘረጋው ወረዳኔት የወረዳ አስተዳደሮችን ከክልልና ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በሳተላይት ማገናኘት ሲጀምር፣ ረጅሙ መስመር በአንድ ማእከል የሚመራ ሆነ፤ በቢሮው ውስጥ ያለው አጭር ኬብል፣ ስዊችና መሰኪያ ግን በየወረዳው እጅ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሳተላይቱን ቦታ በብዙ ስፍራ ፋይበርና የሞባይል ኔትወርክ ቢወስዱትም ይህ የኃላፊነት ወሰን አልተለወጠም። ስለዚህ የማንኛውም ምርመራ የመጀመሪያ ጥያቄ «ብልሽቱ ከወሰኑ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» የሚል ሊሆን ይገባል።

2. የአካባቢው ሁኔታ

ግሸን ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል የሆነ፣ በመስቀል ቅርጹ የሚታወቅ አምባ ነው። በአምባው ላይ ባለችው በግሸን ደብረ ከርቤ ማርያም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን በሚከበረው በዓል ከመላ አገሪቱና ከውጭ አገር እጅግ ብዙ ምእመናን ይሰበሰባሉ። ለኔትወርክ ጥናት ይህ አካባቢ ትኩረት የሚስብበት ምክንያት አራት የተለያዩ የመቆራረጥ ምንጮች በአንድ መልክዓ ምድር ላይ መገናኘታቸው ነው።

አንደኛው የሕዝብ ብዛት ነው። በሌላው የዓመቱ ጊዜ ለጥቂት ነዋሪዎች የሚበቃ የሞባይል ማማ በበዓሉ ቀናት አቅሙን ለብዙ እጥፍ ተጠቃሚ ያካፍላል። ሁለተኛው መብረቅ ነው። ወሎ የበልግም የክረምትም ዝናብ የሚያገኝ አገር ሲሆን፣ ከፍታ ላይ የቆሙ ሕንፃዎችና በሕንፃዎች መካከል የተዘረጉ የመዳብ ኬብሎች ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው። ሦስተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በአገሪቱ መደበኛው ኃይል 220 ቮልት ቢሆንም፣ በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ያለ ቢሮ የሚደርሰው ኃይል ከዚህ ሊዋዥቅ ይችላል። አራተኛው፣ በሳተላይት ለሚገናኝ ቢሮ ብቻ የሚሠራው፣ ከዚህ በታች በክፍል 7 የሚብራራው የፀሐይ ጣልቃ ገብነት ነው።

አራቱም በተጠቃሚው ዓይን አንድ ናቸው፤ ገጹ አይከፈትም። የሚለያዩት በሰዓታቸው፣ በቆይታቸውና በሚቋረጡበት ነጥብ ነው።

3. የሚቆራረጥ ብልሽት ለምን ያመልጣል?

ለማብራሪያ ያህል አንድ ቢሮ በቀን 8 ሰዓት ይሠራል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥም ግንኙነቱ 4 ጊዜ፣ በየጊዜው ለ30 ሰከንድ ይቋረጣል እንበል። ጠቅላላው መቋረጥ 2 ደቂቃ ነው፤ ከ480 የሥራ ደቂቃዎች 0.42 በመቶ ብቻ። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም መቋረጡ ቅጽ ተሞልቶ በሚላክበት ቅጽበት ከደረሰ ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። አሁን ባለሙያ ተጠርቶ 10 ደቂቃ ቢቆይ፣ መቋረጦቹ በቀኑ ውስጥ እንዲሁ የተበተኑ ከሆነ፣ አንዱን እንኳ የማየት ዕድሉ ከመቶ 8 ገደማ ነው። ይህም ማለት ከ100 ጉብኝቶች 92 ያህሉ «ደህና ነው፤ ይሠራል» በሚል ቃል ይጠናቀቃሉ። ባለሙያው አልዋሸም፤ ሠራተኛውም አልዋሸም። የተሳሳተው የመለኪያው ርዝመት ነው።

ተመሳሳይ ስሌት ለፒንግም ይሠራል። በዊንዶውስ ላይ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ የሚላክ ፒንግ 4 ፓኬቶችን ብቻ ይልካል። መስመሩ ከ100 ፓኬቶች 1 የሚያጠፋ ቢሆን፣ አራቱም በደህና የመመለስ ዕድላቸው 96 በመቶ ነው። 100 ፓኬቶች ቢላኩ እንኳ አንድም ሳይጠፋ የመመለስ ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ይሆናል። ዕድሉ ከ5 በመቶ በታች የሚወርደው 300 ያህል ፓኬቶች ሲላኩ ነው። ከዚህ «የሦስት ሕግ» የሚባለው ጠቃሚ መመሪያ ይወጣል፦ በተከታታይ የተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ያለ ስሕተት ካለፉ፣ 3ን በሙከራዎቹ ብዛት በማካፈል የሚገኘው ቁጥር በ95 በመቶ እርግጠኝነት የብልሽቱ ከፍተኛ መጠን ተብሎ ሊወሰድ ይችላል። ሆኖም ሕጉ ሙከራዎቹ አንዱ ከሌላው ነጻ መሆናቸውን ይጠይቃል። የኔትወርክ መቋረጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በአንድ ላይ ተከማችቶ ስለሚመጣ፣ 300 ፓኬቶችን በ5 ደቂቃ ውስጥ ከመላክ ይልቅ በቀኑ ውስጥ በትኖ መላክ ይመረጣል።

4. አራቱ የመለኪያ ነጥቦች

ከላይ የተጠቀሰውን ወሰን ለማግኘት አንድ ኮምፒዩተር ሙሉውን የሥራ ቀን ወደ አራት ነጥቦች እንዲለካ ማድረግ ይበቃል። የመጀመሪያው የቢሮው ራውተር የውስጥ አድራሻ ነው (ነጥብ ሀ)። ሁለተኛው ከራውተሩ ቀጥሎ ያለው የአገልግሎት ሰጪው የመጀመሪያ መሣሪያ ነው (ነጥብ ለ)፤ አድራሻው በትሬስ ሩት ትእዛዝ ይገኛል። ሦስተኛው በቁጥር አድራሻው የሚጠራ፣ ሩቅ ያለ የታወቀ ሰርቨር ነው (ነጥብ ሐ)። አራተኛው ያው ዓይነት ሰርቨር በስሙ ሲጠራ ነው (ነጥብ መ)። በየ5 ሰከንዱ አንድ ፓኬት ቢላክ በ8 ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ነጥብ 5,760 ልኬቶች ይገኛሉ። ይህ መጠን ለቢሮው መስመር ሸክም አይሆንም።

ንባቡ ቀላል ነው። ሀ ከተቋረጠ ብልሽቱ በቢሮው ውስጥ ነው፤ ለአገልግሎት ሰጪው ስልክ መደወል አያስፈልግም። ሀ ደህና ሆኖ ለ፣ ሐ እና መ አንድ ላይ ከተቋረጡ ጥርጣሬው ከቢሮው ወደ ውጭ በሚወጣው መስመር ላይ ያርፋል። ሀ፣ ለ እና ሐ ደህና ሆነው መ ብቻ ከተቋረጠ ችግሩ ስምን ወደ ቁጥር በሚለውጠው በዲኤንኤስ ላይ ነው። አራቱም ደህና ሆነው የመሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ብቻ ካልተከፈተ ግን ኔትወርኩ ንጹሕ ነው፤ ጉዳዩ ሥርዓቱን ለሚያስተዳድረው ክፍል ይተላለፋል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ አንዳንድ የአገልግሎት ሰጪ መሣሪያዎች ሥራ ሲበዛባቸው ለፒንግ መልስ መስጠትን ወደ ኋላ ይላሉ ወይም ጨርሶ አይመልሱም። ስለዚህ ለ ጠፍቶ ሐ በዚያው ሰከንድ ከደረሰ መስመሩ አልተቋረጠም። ሁለተኛ፣ ለካው ኮምፒዩተር በዋይፋይ የተገናኘ ከሆነ የነጥብ ሀ መቋረጥ የአየሩ ይሁን የራውተሩ አይለይም። ስለሆነም አንዱ መለኪያ ከራውተሩ ጋር በአጭር ኬብል፣ ሌላው ደግሞ ቅሬታ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የሁለቱ መዝገቦች ልዩነት ብልሽቱ በመካከላቸው መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

5. ሰዓቱን ማስማማት

መዝገቡ ጥቅም የሚሰጠው ከሌሎች መዝገቦች ጋር ሲነጻጸር ነው። መብራት መቼ ጠፋ? ጀነሬተር መቼ ተነሣ? ዝናቡ መቼ መጣ? በኢትዮጵያ ቢሮዎች ግን አንድ ክስተት በሦስት የተለያዩ ሰዓቶች ሊመዘገብ ይችላል። ሠራተኛው በማስታወሻው ላይ «ከጠዋቱ 3፡10» ብሎ ይጽፋል። ኮምፒዩተሩ ያንኑ ቅጽበት 09፡10 ብሎ ይመዘግባል። የሰዓት ክልሉ ያልተስተካከለለት ራውተር ደግሞ በግሪንዊች አቆጣጠር 06፡10 ይላል። ሦስቱን ያላስማማ መርማሪ የጠዋቱን መቋረጥ ከሌላ ሰዓት ክስተት ጋር ያገናኛል፤ ከዚያም ትክክለኛ መረጃ ይዞ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ ይደርሳል። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ መሣሪያው በጎርጎርዮሳዊው፣ ሠራተኛው በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ይጽፋሉ።

መፍትሔው ሠራተኛው የለመደውን አቆጣጠር እንዲተው ማስገደድ አይደለም። በመዝገቡ ቅጽ ላይ «የግድግዳ ሰዓት» እና «የኮምፒዩተር ሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶችን ማኖርና ሁለቱም በየጊዜው እንዲሞሉ ማድረግ ይበቃል። አንዱ ቢሳሳት ሌላው ያርመዋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። ብዙዎቹ አነስተኛ ራውተሮች ሰዓትን የሚጠብቅ ባትሪ የላቸውም። ኃይል ሲቋረጥባቸው ሰዓታቸውን ይረሳሉ፤ ሲነሡም ከኢንተርኔት ሰዓት እስኪያገኙ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ይጀምራሉ። ስለዚህ በራውተሩ መዝገብ መካከል እንዲህ ያለ ቀን ሲገኝ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ መሰረዝ የለበትም። ራውተሩ በዚያ ቅጽበት ጠፍቶ መነሣቱን የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

6. የመቆራረጡ ቅርጽና ምክንያቱ

የጥቂት ቀናት መዝገብ ሲሰበሰብ መቋረጦቹ ቅርጽ ያሳያሉ። በአነስተኛ ቢሮዎች የተለመዱት ቅርጾች የሚከተሉት ናቸው።

ሁሉም ኮምፒዩተሮች በአንድ ላይ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ከተቋረጡና ግንኙነቱ በራሱ ከተመለሰ፣ ስዊቹ ወይም ራውተሩ ጠፍቶ ተነሥቷል ተብሎ ይጠረጠራል። የኮምፒዩተሮቹ ዩፒኤስ የአጭር ጊዜ መዋዠቁን ስለሚሸፍን ማንም መብራት መጥፋቱን ላያስተውል ይችላል፤ ስዊቹ ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መፍትሔው አዲስ ስዊች ሳይሆን ስዊቹንና ራውተሩን ወደ ዩፒኤሱ ማዛወር ነው።

መቋረጡ ወደ 30 ሰከንድ የሚጠጋና አንድ ፖርት ወይም ኬብል በተነካ ቁጥር የሚከሰት ከሆነ፣ ስፓኒንግ ትሪ የተባለው ዙር መከላከያ ሥርዓት ሥራውን እየሠራ ነው። በመደበኛ አቀማመጡ ፖርቱን ከመክፈቱ በፊት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፤ 15 ሰከንድ ይማራል። ይህ ሥርዓት በሌላቸው ርካሽ ስዊቾች ላይ ደግሞ አንድ ሰው የኬብሉን ሁለት ጫፎች በአንድ ስዊች ላይ ቢሰካ ፓኬቶች ያለ ማቋረጥ ይዞራሉ፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ይርገበገባሉ፤ ቢሮው በሙሉ ይቆማል።

ሁለት ኮምፒዩተሮች ተራ በተራ የሚሠሩና የሚቋረጡ ከሆነ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው የሚወድቅ ከሆነ፣ ሁለቱም አንድ አይፒ አድራሻ ይዘዋል ማለት ነው። የኤአርፒ ሰንጠረዥ በየጊዜው ሲታይ ለአንዱ አይፒ የተለያዩ ሁለት ማክ አድራሻዎች ይፈራረቁበታል። የማክ አድራሻው የመጀመሪያ 24 ቢቶች የአምራቹን ማንነት ስለሚያሳዩ፣ ተደራቢው ፕሪንተር ይሁን ስልክ ለመለየት ይረዳሉ።

አንዳንድ ኮምፒዩተሮች ብቻ፣ ያውም በተለያየ ጊዜ፣ የማይሠራ አድራሻ ከያዙ በቢሮው ውስጥ ሁለተኛ አድራሻ አዳይ አለ። ይህ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው አንድ ሠራተኛ በቅን ልቦና የራሱን አነስተኛ የዋይፋይ ራውተር አምጥቶ ከስዊቹ ጋር ሲያገናኝ ነው። ኮምፒዩተሮች በዲኤችሲፒ ያገኙትን አድራሻ የሚያድሱት የተሰጣቸው ጊዜ ግማሽ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ብልሽቱ ራውተሩ በተሰካበት ደቂቃ ሳይሆን ከሰዓታት በኋላ ሊታይ ይችላል። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከማንም መልስ አላገኘም።

ፒንግ ደህና ሆኖ ትልቅ ፋይል ሲላክ ብቻ ፍጥነቱ የሚወድቅ ከሆነ፣ ኬብሉና የሁለቱ ጫፎች ስምምነት ይመረመራሉ። አንዱ ጫፍ በእጅ ሙሉ ዱፕሌክስ ተደርጎ ሌላው በራሱ እንዲስማማ ከተተወ፣ ሁለተኛው ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ ይወርዳል፤ የስሕተት ቆጣሪዎችም ይጨምራሉ። አራት ጥንድ ሽቦዎች ካሉት ኬብል 100 ሜጋቢት በሰከንድ የሚጠቀመው ሁለቱን ጥንድ ብቻ ሲሆን፣ 1,000 ሜጋቢት በሰከንድ ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሽቦ የላላበት ኬብል በዝግታ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል። ርዝመቱም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ብልሽቱ ከዝናብና ከመብረቅ ጋር የሚመጣ ከሆነ በሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ መዳብ ይጠረጠራል። የሁለት ሕንፃዎች የመሬት ግንኙነት እኩል ስላልሆነ፣ በአቅራቢያ የወደቀ መብረቅ በኬብሉ በኩል ፖርቶችን ሳይገድል ሊያቆስል ይችላል፤ የቆሰለ ፖርት ደግሞ ለወራት እየተቆራረጠ ይሠራል። ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ፋይበር ለዚህ ትክክለኛው ምትክ ነው። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ዋይፋይ ከሆነም የጎረቤት መሣሪያዎች ቻናል ይታያል፤ እርስ በርስ የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው።

7. ማሳያ፦ የመስከረም ሳምንት

በግሸን ግርጌ ያለ፣ አንድ የሳተላይት መስመርና አንድ የሞባይል ዳታ ሞደም ያለው ቢሮ እናስብ። በመስከረም አጋማሽ «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» የሚል ቅሬታ ይበረታል። የተለመደው ግምት «የበዓሉ ሕዝብ ነው» የሚል ነው። ግምቱ በከፊል ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ሁሉንም አያብራራም።

በሞባይሉ መስመር ላይ የሚታየው መጨናነቅ ቅርጹ የተለየ ነው። የደርሶ መልስ ጊዜው ቀስ በቀስ ይረዝማል፤ የሚጠፉት ከፊሎቹ ፓኬቶች ናቸው፤ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሕዝቡ ሲበዛ ይብሳል፤ ሕዝቡ ሲበተን ይጠፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ነጥብ ሀ ንጹሕ ነው።

የሳተላይቱ መስመር ግን ሌላ ጠላት አለው። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የቆመ ሳተላይት በጤናው ጊዜም የደርሶ መልስ ጊዜው ከግማሽ ሰከንድ ገደማ አያንስም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ወቅት ዙሪያ፣ ፀሐይ ከሳህኑ አንጻር በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች፤ የፀሐይ የሬዲዮ ጨረርም የሳተላይቱን ደካማ ምልክት ይውጠዋል። በግሸን ኬክሮስ ይህ የሚሆነው በመጋቢት የመጀመሪያ ሳምንትና በመስከረም 18 ዙሪያ ባሉ ቀናት ነው። ይህም ምእመናን ወደ አምባው ከሚጎርፉበት ሳምንት ጋር ይገጥማል። ቅርጹ ግን ከመጨናነቅ ፍጹም የተለየ ነው፤ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል፤ ለተከታታይ ቀናት በአንድ ሰዓት ላይ ይደጋገማል፤ ቆይታው እየረዘመ ሄዶ እንደገና ያጥራል።

ስለዚህ ቅሬታው አንድ ሆኖ ሳለ መዝገቡ ሦስት መልሶችን ይለያል። ሀ የተቋረጠባቸው ረድፎች የቢሮው ሥራ ናቸው። ቀስ እያለ የሚብሰው የሞባይሉ መስመር የአቅም ጉዳይ ነው፤ ከበዓሉ በፊት ለአገልግሎት ሰጪው በጽሑፍ ሊቀርብ ይችላል። በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚመጣው መቋረጥ ደግሞ በማንም የሚጠገን አይደለም፤ ግን አስቀድሞ በስሌት ስለሚታወቅ ቢሮው ለእነዚያ ደቂቃዎች ኔትወርክ የማይጠይቅ ሥራ ሊመድብ ይችላል። ሕዝቡ ብቻ ነው ብሎ የደመደመ ቢሮ ግን በጥቅምት ሁለቱ የውጭ ምክንያቶች ሲያልፉ የውስጡ ብልሽት እንደቀረ ያገኘዋል።

8. ማጠቃለያ

የሚቆራረጥ ግንኙነት ምርመራ ከመሣሪያ ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል። መጀመሪያ ይመዘገባል፤ ቀጥሎ ወሰኑ ይለያል፤ ከዚያ ቅርጹ ይነበባል፤ በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ይለወጣል። ሁለት ነገሮች በአንድ ቀን ከተለወጡ የትኛው እንደፈወሰ አይታወቅም፤ ብልሽቱ ቢመለስም የት እንደሚጀመር አይታወቅም።

ከጥገና በኋላም መዝገቡ መቀጠል አለበት። ለምን ያህል ጊዜ? ከላይ የተገለጸው የሦስት ሕግ እዚህም ይሠራል፦ በመቋረጦች መካከል ያለው አማካይ ጊዜ በሦስት ተባዝቶ ያለ መቋረጥ ካለፈ፣ ይህ በአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። በቀን አንዴ ይቋረጥ የነበረ መስመር ለሦስት የሥራ ቀናት፣ በሳምንት አንዴ ይቋረጥ የነበረ ደግሞ ለሦስት ሳምንታት ይጠበቃል። ከዚያ በፊት «ተጠግኗል» ማለት የመጀመሪያውን ባለሙያ ስሕተት መድገም ነው።

የዘዴው ትርፍ በቢሮው ግድግዳ ውስጥ አይቀርም። መዝገብ ያለው ቢሮ ለባለጉዳዩ «ኔትወርክ የለም» በማለት ፈንታ «መስመሩ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ከቢሮው ውጭ ተቋርጧል፤ ለአገልግሎት ሰጪው ተነግሯል» ወይም «በዚህ ሳምንት በዚህ ሰዓት ለጥቂት ደቂቃ ይቋረጣል፤ ይጠብቁ» ማለት ይችላል። ሁለቱም መልሶች ግንኙነቱን አይመልሱም። ከአምባው ወርዶ ለመጣ ሰው ግን መጠበቅ ወይም መመለስ እንዳለበት ይነግሩታል። ለድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎችም በተመሳሳይ ቅጽ የተሞሉ የጥቂት ወረዳዎች መዝገቦች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ ከመቋረጡ ምን ያህሉ ከወሰኑ ወዲህ፣ ምን ያህሉ ከወሰኑ ወዲያ እንደሆነ በመረጃ የሚያሳይ የጥናት መነሻ ይሆናሉ።